ልጃችሁ ደም ሲቀዳ፦ ከመርፌው በፊት፣ በመርፌው ጊዜና በኋላ የሚደረገው

መርፌ ቆዳ ሲበሳ የሚያመው ለአፍታ ነው። ልጁን ሩብ ሰዓት የሚያስለቅሰው ሌላ ነው፤ ቤት ውስጥ ሲነገረው የከረመ ማስፈራሪያ፣ ድንገት መጥቶ የሚጫነው የሦስት የአራት ሰው እጅ፣ በቀዘቀዘ ክንዱ ውስጥ ደም ሥር ፍለጋ የሚመላለስ መርፌ፣ የእናቱ ፊት መለዋወጥ። መርፌውን ማስቀረት አይቻልም፤ እነዚህን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ከልጆች ደም የምንቀዳ ሰዎች ይህን የምንጽፈው ለወላጆችና ሥራውን ገና ለሚጀምሩ ባልደረቦቻችን ነው። የምንናገረው ከአራስ ጀምሮ እስከ ስድስትና ሰባት ዓመት ስላሉ ልጆች ነው።

ቤት ውስጥ

ከሁሉ በፊት መቆም ያለበት ነገር አለ። «አርፈህ ካልተቀመጥክ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል» የሚባለው ነገር ይቁም። ልጁ ለወራት መርፌ የጥፋት ቅጣት ነው ተብሎ አድጎ፣ አንድ ቀን ታሞ ሲመጣ በእርግጥ መርፌ ይዞ የቆመ ሰው ያያል። የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አጥፍቼአለሁ። የዚህን ልጅ ፍርሃት በአሻንጉሊትም በከረሜላም ማብረድ ከባድ ነው። ወረፋ ላይ ሳላችሁም «ዝም በይ፣ ያቺ ሲስተር መጣችልሽ» አትበሉ። ያቺው ሲስተር ከአሥር ደቂቃ በኋላ የልጅቷን እምነት ትፈልገዋለች።

መቼ ይነገር? ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ክፍሉ ልትገቡ ስትሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር ይበቃል። ሦስትና አራት ዓመት ለሆነው ጠዋት ከቤት ስትወጡ፤ ከአምስት ዓመት በላይ ለሆነው ደግሞ ከዋዜማው ቀን ቀድሞ ባይሆን ይመረጣል። ቀድሞ የተነገረው ትንሽ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብ ያድራል፤ ጨርሶ ያልተነገረውና «ከረሜላ ልንገዛ ነው» ተብሎ የመጣው ግን በሚቀጥለው ጊዜ ከቤት መውጣት እምቢ ይላል።

የምትናገሩት አጭርና እውነት ይሁን። «ሐኪሙ ለምን እንደሚያተኩስህ ለማወቅ ከክንድህ ትንሽ ደም ያያል። ሲገባ ቆንጠጥ ያደርግሃል። እኔ አቅፌህ እቆያለሁ። ከዚያ ፕላስተር ተለጥፎልህ ወደ ቤት እንሄዳለን።» «አያምህም» አትበሉ፤ ያመዋልና ቀጥሎ የምትሉትን አያምንም። «በጣም ያምማል፣ ግን ቻለው» ማለትም ያልነበረ ፍርሃት ይጨምራል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውም ይቅር። ልጁ ማልቀስ ይፈቀድለታል፤ የእሱ ሥራ ክንዱን አለማንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ ይህንኑ ንገሩት።

ትንንሽ ልጆች የሚሰጉት ሌላ ነገር አለ፤ ቀዳዳው ተከፍቶ ደማቸው ሁሉ ፈስሶ የሚያልቅ ይመስላቸዋል። ሦስት ዓመት ያለፈው ልጅ ፕላስተር ሲለጠፍለት ጸጥ የሚለው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ወላጆችም «ደሙን ጨረሱበት» ብለው ይጨነቃሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንናገር። የልጅ ደም በኪሎ 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አሥር ኪሎ የሚመዝን ልጅ 800 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም አሥር ሲኒ ገደማ ደም አለው። ለሲቢሲ (ለደም ሴሎች ቆጠራ) የሚቀዳው ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሊትር ነው፤ የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። በአንድ ቀን ከጠቅላላ ደሙ 2.5 በመቶ እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ጥሩ ወሰን ነው፤ ለአሥር ኪሎ ልጅ ይህ 20 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሦስት ኪሎ አራስ ላይ ግን ስድስት ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ እያንዳንዷ ሚሊ ሊትር ትቆጠራለች፤ ቢሊሩቢኑ (አራስን ቢጫ የሚያደርገው ነገር) ደጋግሞ የሚታይለት አራስ ላይ የተቀዳውን ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል።

ምግብ፣ ውሃና ብርድ

«ለደም ምርመራ በባዶ ሆድ ነው የሚመጣው» የሚለው ልማድ ልጆችን በጣም ይጎዳል። ለሲቢሲ፣ ለደም ዓይነት፣ ለወባ፣ ለኤች አይ ቪ፣ ለአራስ ቢሊሩቢን ጾም መዋል አያስፈልግም። ሐኪሙ በጾም የሚደረግ የስኳር ወይም የቅባት ምርመራ ካላዘዘ በቀር አብሉት፣ አጠጡት። የተጠማ ልጅ ደም ሥሩ ይሸሻል፤ የተራበ ልጅ ደግሞ ለትንሹም ነገር ያለቅሳል። ከሐርቡም ሆነ ከባቲ በኩል፣ ወይም የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ደሴ የሚገባ ልጅ መንገድ ላይ አስመልሶት ሊሆን ይችላል፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ራሱ ያደርቃል። ሲያስመልሰው ወይም ሲያስቀምጠው የሰነበተ ልጅ ከሆነና የጤናው ሁኔታ ከፈቀደ፣ ወረፋ ላይ ሳላችሁ ኦአርኤስ በማንኪያ በማንኪያ ስጡት።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ያለ ከተማ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የሚመጣ ልጅ እጁ እንደ በረዶ ይሆናል፤ የቀዘቀዘ ደም ሥር ይሸማቀቃል፣ ሲወጋም ደሙ ጠብ ጠብ ብቻ ይላል። መርፌ የሚደጋገምበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ለብ ያለ ውሃ በሃይላንድ ፕላስቲክ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ክርኑ ላይና የእጁ ጀርባ ላይ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ አቆዩለት። ውሃው መጀመሪያ በራሳችሁ የእጅ አንጓ ላይ ይሞከር፤ ለእናንተ የሚያቃጥል ከሆነ ለልጁ አይሆንም። ተረከዙ ለሚበሳ አራስም እንዲሁ ተረከዙን ማሞቅ ነው። ክንዱ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ጋቢ ውስጥ ይቆይ።

ልብሱንም አስቡበት። ሁለት ሹራብ ደርቦ የመጣ ልጅ እጅጌው ወደ ላይ ሲጠቀለል ራሱ ክንዱን አጥብቆ ያስራል፤ መርፌው ከወጣ በኋላም ደሙ አልቆም ብሎ ከቆዳ ሥር ያብጣል። ከውስጥ አጭር እጅጌ አልብሱትና ከላይ በቁልፍ የሚከፈት ሹራብ ይሁን፤ አንድ እጁን ብቻ ማውጣት ይቻላል።

ክፍሉ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት

ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ «ሌላ የሚታዘዝ ምርመራ ካለ አብሮ ቢጻፍ?» ጠዋት ሲቢሲ፣ ከሰዓት ደግሞ የኩላሊት ምርመራ ተብሎ ልጁ ሁለት ጊዜ ከሚወጋ አንድ ጊዜ ተቀድቶ ለሁለት ቱቦ ቢከፈል ይሻላል። ሁለተኛ፣ ልጁ ተኝቶ ግሉኮስ የሚደረግለት ከሆነ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን ቱቦ) ሲገባ ደሙ ከዚያው እንዲቀዳ ጠይቁ።

ለሚቀዳው ባለሙያ ደግሞ ሳይጠየቅ መነገር ያለበት አለ። ልጁ ሲገረዝ ደሙ ረጅም ሰዓት አልቆም ብሎ ከነበረ፣ ነስር የሚደጋግመው ከሆነ፣ ወይም በቤተሰቡ ደም የማይረጋለት ሰው ካለ መርፌው ከመግባቱ በፊት ይነገር። ባለፈው ጊዜ ደሙ በቀላሉ የተገኘው ከየት እንደነበርም ተናገሩ፤ «ቀኝ ክርኑ ላይ ወዲያው ነው ያገኙት» የሚል እናት ለልጇ አንድ መርፌ ቀነሰችለት ማለት ነው።

ወረፋ የሚይዝ ዘመድ ካለ ልጁን ይዛችሁ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። ከፊቱ ያሉት ልጆች ሁሉ ሲጮኹ ሰምቶ የሚገባ ልጅ ገና በሩ ላይ ጨርሷል።

አያያዝ

ልጅን አልጋ ላይ በጀርባው አጋድሞ፣ አንዱ እግሩን፣ አንዱ ትከሻውን፣ አንዱ ራሱን መጫን ብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ለሠራተኛው ፈጣን ይመስላል፤ ለልጁ ግን ከመርፌው የከፋው እሱ ነው። የታፈነ ልጅ በሙሉ ኃይሉ ይታገላል፣ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ደም ሥሩ ይጠፋል፣ መርፌውም ይወጣል። ተቀምጦ፣ ዘመዱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ መቀዳት ከስድስት ወር በኋላ ለአብዛኛው ልጅ ይሆናል።

እንዲህ ነው። እናት መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ልጁ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ፣ እግሮቹን በወገቧ ግራና ቀኝ ዘርግቶ ጭኗ ላይ ይቀመጣል፤ ደረት ለደረት። የማይቀዳው እጁ በእናቱ ብብት ሥር አልፎ ጀርባዋን ያቅፋል። የሚቀዳው እጁ በሌላ በኩል ተዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ፣ በታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ ላይ ያርፋል። የእናት አንድ ክንድ ጀርባውን፣ ሌላው ራሱን ደገፍ ያደርጋል። አንድ ረዳት ብቻ ያስፈልጋል፤ አንድ እጁ ከክርኑ ጀርባ፣ ሌላው የእጅ አንጓው ላይ ሆኖ ክንዱን ያጸናል። ማጽናት ማለት መጭመቅ አይደለም፤ ጣቶቹ ነጭ እስኪሆኑ ከተያዘ ደሙም አይወርድም። ማየት የሚፈልግ የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ ጀርባውን ለእናቱ ደረት ሰጥቶ ይቀመጥ፤ ይይ ወይም ፊቱን ያዙር፣ ምርጫው የእሱ ነው።

ማን ይያዘው? ልጁ የሚያምነውና ራሱን የማይስት ሰው። እናት ደም ስታይ የሚያዞራት ከሆነ አባት፣ አክስት ወይም አያት ይተኩ፤ ይህ የእናትነት ጉድለት አይደለም። የያዘ ሰው መርፌውን ሳይሆን የልጁን ፊት ይይ። «ቢስሚላህ» ወይም «በስመ አብ» ማለት እናትን የሚያጸናት ከሆነ በለሆሳስ ትበል፤ በተሸበረ ድምፅ ጮክ ብሎ መማጠን ግን ልጁ አንድ ከባድ ነገር እየመጣ እንደሆነ ያስረዳዋል። ክፍሉ ውስጥ የሚናገረውም አንድ ሰው ይሁን። ሦስት ሰው በአንዴ ሲያባብል ልጁ የማንንም አይሰማም።

ስለ ማባበል አንድ የምናምንበት ነገር እንጨምር። ደጋግሞ ማጽናናትና «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ይቅርታ» ማለት ፍርሃቱን ሲያባብሰው እንጂ ሲያበርደው አይታይም፤ ልጁ ትኩረቱ ሁሉ መርፌው ላይ ይቀራል። አንዴ አይዞህ ብሎ አጥብቆ አቅፎ ወደ ሌላ ጨዋታ መሄድ ነው የሚሠራው።

በየዕድሜው የሚሠራው

አራስና ከስድስት ወር በታች ያለ ልጅ ላይ ከምንም የሚበልጠው ጡት ነው። ግን ቅደም ተከተሉ ልክ መሆን አለበት። መርፌው ከመግባቱ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ፣ ቢቻል አምስት ደቂቃ ቀድሞ ይጀመር። ሕፃኑ አፉን በደንብ ሞልቶ ይዞ በዜማ መጥባት እስኪጀምር ይጠበቅ፤ ያኔ ነፃ የሆነው እጁ ወይም ተረከዙ ይወጋ፤ መርፌው ከወጣ በኋላም እስኪጠግብ ይቀጥል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሕፃኑ ካለቀሰ በኋላ ጡት ሲሰጠው ነው፤ ያኔ ማስታገስ እንጂ መከላከል አይደለም። ጡት ይጠላል የሚለው ስጋት አያሳስባችሁ።

እናት ከሌለች ወይም መጥባት ካልተቻለ የስኳር ውሃ አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ ነጭ ስኳር በሁለት የሻይ ማንኪያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይሟሟል። መርፌ በሌለው ንጹሕ ስሪንጅ ከመወጋቱ ሁለት ደቂቃ በፊት ምላሱ ጫፍ ላይ ጥቂት በጥቂት ይንጠባጠብ፤ በጊዜው ለተወለደ ጤነኛ ሕፃን በጠቅላላው ከሁለት ሚሊ ሊትር አይበልጥም። የሚሠራው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ ነው የሚሰጠው። እስከ አንድ ዓመት ይጠቅማል፤ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ግን ኃይሉ ይቀንሳል። ያለ ጊዜው ለተወለደ ወይም ለታመመ አራስ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይሰጥም። የስኳር መጠን ለሚለካለት ልጅም አይሆንም። ይህ ለመርፌ ብቻ የሚደረግ ነው፤ ቤት ውስጥ ላለቀሰ ሕፃን ሁሉ የሚሰጥ መጠጥ አይደለም። በስኳሩ ፈንታ ማር ማላስ ግን ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ዓመት ያልሞላው ልጅ በማር ውስጥ ሊኖር በሚችል ጀርም ጡንቻን የሚያዝል ከባድ መመረዝ ሊደርስበት ይችላል።

አራሱን የሚቀዳው እጅ ወይም እግር ብቻ ወጥቶ ሌላው አካሉ በሻሽ ወይም በነጠላ ይጠቅለል። ከተቻለ ከመወጋቱ አሥር ደቂቃ ቀድሞ ራቁት ገላው በእናቱ ደረት ላይ፣ ከላይ ጋቢ ደርቦ ቢቆይ እንደ ጡቱ ሁሉ ይረዳዋል።

ከዘጠኝ ወር እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ያለው ከባዱ ዕድሜ ነው። ክንዱ ወፍራም ነው፣ ደም ሥሩ አይታይም፣ ባዕድ ሰው ይፈራል፣ ነገር ብታስረዱት አይገባውም። እዚህ ላይ አያያዝ፣ ማሞቅና ፍጥነት ናቸው ዋናዎቹ። ባለሙያው ወዲያው ክንዱን አይያዝ፤ መጀመሪያ ከእናት ጋር ያውራ፣ ቁልፍም ሆነ የሚንኳኳ ነገር ያስጨብጠው። የሚወደውን ቪዲዮ ቤት ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ ኔትወርክ በቁርጡ ሰዓት አይገኝም። ስልኩ ከሚቀዳው ክንድ በተቃራኒ በኩል፣ በዓይኑ ትይዩ ይያዝ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ልጁ ራሱ ሥራ ይሰጠው። ቁራጭ ሶፍት ከፊቱ ይዛችሁ ረዘም አድርጎ እፍ ይበልባት፤ ወደ ውጭ መተንፈስ ሰውነቱን ያላላዋል። የሳሙና አረፋ መንፋትም ያው ነው። አኩኩሉ ደግሞ የትም የሚገኝ መሣሪያ ነው፦ እናት «አኩኩሉ» ስትል ልጁ «አልነጋም» ይላል፤ መርፌው ገብቶ እስኪወጣ አልነጋም፣ ፕላስተሩ ሲለጠፍ ነጋ። ተራውን ጠብቆ የሚመልስ ልጅ ትንፋሹን አይይዝም። ለአምስትና ለስድስት ዓመቶቹ እንቆቅልሽ ይሁን፣ ወይም የሳል ዘዴ፦ አንድ ጊዜ ለልምምድ ያስሉታል፣ ሁለተኛውን ሲስል መርፌው ይገባል። ከመርፌው ጋር እኩል ካልሆነ አይጠቅምም፤ ስለዚህ ባለሙያውና ልጁ አብረው ይቁጠሩ።

ምርጫ ስጡት፣ እውነተኛ ምርጫ ግን ይሁን። «ግራ ነው ቀኝ? አኩኩሉ ነው ቪዲዮ?» «ደም እንውሰድ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ «እምቢ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ቢወጋ የተጠየቀው በከንቱ እንደሆነ ያውቃል።

ለሚቀዳው እጅ

ባልደረቦች፣ የምታዘጋጁትን ሁሉ ልጁ ሳይገባ አዘጋጁ። ቱቦዎቹ ስም ተጽፎባቸው፣ ጥጥ፣ ፕላስተር፣ የመርፌ መጣያ ሣጥኑ እጃችሁ ሥር ይሁን። መርፌ ከላስቲኩ ሲቀደድ ልጁ አይይ።

ለትንሽ ልጅ 23 ቁጥር ክንፍ ያለው መርፌ ጥሩ ነው። በስሪንጅ ከሆነ የሁለት ወይም የሦስት ሚሊ ሊትር ይሁን፤ ባለ አሥር ሚሊ ሊትሩ በኃይል ሲሳብ ቀጭኑን ደም ሥር ያጣብቀዋል። ቀስ ብላችሁ ሳቡ። 70 በመቶ አልኮሉን ከቀባችሁ በኋላ 30 ሰከንድ እስኪደርቅ ጠብቁ። እርጥብ አልኮል ቁስል ላይ እንደገባ ያንገበግባል፣ ደሙንም ያበላሻል። ልጁ «አቃጠለኝ» የሚለው ብዙ ጊዜ መርፌውን ሳይሆን አልኮሉን ነው። እፍ ብላችሁ ወይም በጥጥ ጠርጋችሁ አታድርቁት።

ክንድ ማሰሪያ ጠፍቶ ጓንት ሲታሰር ተጠቅልሎ ቀጭን ገመድ ይሆንና ቆዳውን ይቆነጥጣል፤ ሥሩ የልብሱን እጅጌ ወይም ጨርቅ አድርጉ። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይታሰር። ደም ሥሩ ካልተገኘ ፈትታችሁ ሁለት ደቂቃ አሳርፉና እንደገና እሰሩ። በጣት መዳሰስ ነው የሚያዋጣው፤ የሚታየው ሰማያዊ መስመር ሁሉ ደም አይሰጥም፣ በጣት ሲነካ ነጠር የሚለው ግን ይሰጣል። የእጅ ጀርባ ለሕፃናት በቀላሉ ይገኛል፣ ግን ከክርን ይበልጥ ያምማል፤ ሁለቱም እኩል ከተገኙ ክርኑን ምረጡ።

ቆዳውን ከታች ወደ ታች ወጠር አድርጋችሁ በአንድ ፈጣን እንቅስቃሴ ግቡ። በዝግታ የሚገባ መርፌ አያዝንም፤ ይበልጥ ያምማል። ደም ካልመጣ ጥቂት ወደኋላ ወይም ወደፊት ማድረግ ይበቃል፤ ግራና ቀኝ እየቆፈሩ መፈለግ ክልክል ይሁን። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሞክሮ ካልሆነለት ሌላ ሰው ይጥራ። ይህን ደንብ ክፍላችሁ ውስጥ ጽፋችሁ ለጥፉት፤ ወላጅም በትሕትና ሊጠይቀው የሚገባ ነው።

ከወጋችሁ በኋላ የሚመጣው ጥፋትም የልጁ ሕመም ነው፤ ናሙናው ከተበላሸ እንደገና ይወጋልና። ደሙን በመርፌው በኩል በኃይል ወደ ቱቦ መግፋት ሴሎቹን ይሰብራል፤ የፖታሲየም ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። ወይን ጠጅ ክዳን ያለውን ቱቦ ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ካላገለባበጣችሁት ይረጋል፤ ከልጅ የሚቀዳ ደም ዝግ ብሎ ስለሚወርድ ይህ ከሁሉ ይበልጥ ይደጋገማል። ቱቦዎቹ የሚሞሉበት ቅደም ተከተል በክዳናቸው ቀለም ሰማያዊ፣ ቀይ ወይም ቢጫ፣ በመጨረሻ ወይን ጠጅ ነው፤ ሰማያዊው እስከ ምልክቱ ካልሞላ አያገለግልም። የቢሊሩቢን ናሙና ብርሃን እንዳያገኘው ይሸፈን።

ጥቂት ጠብታ ለሚበቃው ምርመራ፣ ለምሳሌ ለወባ፣ ደም ሥር መፈለግ አያስፈልግም። ከስድስት ወር በላይ ሆኖ ከአሥር ኪሎ በላይ ለሆነ ልጅ ጣት፣ ከዚያ በታች ላለው ተረከዝ ነው። ጣት ከሆነ የመሃል ጣት ወይም የቀለበት ጣት፣ ከጫፉ መሃል ትንሽ ወደ ጎን። ተረከዝ ከሆነ ከጎንና ከጎን ባለው ሥጋ እንጂ መሃሉንም የኋላ ጫፉንም አይደለም፤ ጥልቀቱ ከ2.4 ሚሊሜትር አይለፍ፣ ትንንሽ አራሶች ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የመጀመሪያዋን ጠብታ ጠርጉ። አትጭመቁ፤ አራሱ የሚያለቅሰው ከመበሳቱ ይልቅ በመጨመቁ ነው። ለአራስ ብዙ ደም የሚያስፈልግ ከሆነና የሠለጠነ እጅ ካለ ተረከዝ ከመጭመቅ ይልቅ ከደም ሥር መቅዳት ሕመሙ ያንሳል።

ሊዶካይንና ፕሪሎካይን ያለው ማደንዘዣ ክሬም ያገኘ ሰው መርፌው ከመግባቱ 60 ደቂቃ በፊት ወፈር አድርጎ ቀብቶ በፕላስቲክ ይሸፍነው፤ አሥር ደቂቃ ላይ መውጋት አለመቀባት ነው። መጠኑን እንደ ዕድሜውና ክብደቱ ባለሙያ ይወስን። ዓመት ያልሞላውና ኮትሪሞክሳዞል የተባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሕፃን ላይ አይቀባ፤ የደሙን ኦክስጅን የመሸከም አቅም ሊያውክ ይችላል። ፓራሲታሞል ቀድሞ መስጠት ግን ለመርፌ ሕመም አይረዳም።

መርፌው ከወጣ በኋላ

ክንዱን ሳታጥፉ በደረቅ ጥጥ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ተጫኑት። ክርኑን አጥፎ ጥጡን እንዲይዝ ማድረግ በጣም የተለመደ ነው፤ ክንዱ ሲዘረጋ ቀዳዳው ተከፍቶ ደም ከቆዳ ሥር ይፈስሳል፣ ማግስቱን ጥቁር ይሆናል። አትሹት። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደሙ ከቆመ በኋላ ጥጡንም ፕላስተሩንም አንሡ፤ ነቅሎ አፉ ውስጥ ይከታልና ሊያንቀው ይችላል።

ያበጠበት ካለ በዚያው ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ይያዝለት፤ ወደ አረንጓዴና ቢጫ እየተለወጠ በአንድና በሁለት ሳምንት ይጠፋል። እብጠቱ እያደገ ከሄደ፣ ቦታው ከቀላና ከሞቀ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም ደሙ ተጭናችሁት እንኳ አልቆም ካለ ወዲያው ተመለሱ።

የሚመሰገንበትን ነገር ለይታችሁ ንገሩት፤ «እጅሽን አላንቀሳቀስሽም፣ እፍ አልሽ።» ካለቀሰችም እንዲሁ። ማታ ቡና ላይ ለጎረቤት «እሪ ብላ ሆስፒታሉን አናወጠችው» ተብሎ ሲተረክ ልጅቷ ትሰማለች፤ የሚቀጥለው ፍርሃት ከዚያ ይጀምራል። በፊቷ የምትተርኩት የቻለችውን ይሁን። ሐኪም እየሆነች ከአሻንጉሊቷ ደም መቅዳት ብትጫወት ተዉአት፤ መርፌ የሌለው አዲስ ስሪንጅ ይበቃታል፣ ያገለገለ ስሪንጅ ግን በምንም ዓይነት ለመጫወቻ አይሰጥም።

ልጁ ከአቅሙ በላይ ከፈራና ምርመራው የማይቸኩል ከሆነ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ሌላ ቀን መምጣት ሽንፈት አይደለም። የሚያተኩሰው፣ የሚዝለው፣ ወባ ወይም ማጅራት ገትር የተጠረጠረበት፣ ቢጫ የሆነ አራስ ግን ቀን አይሰጠውም፤ በደንብ ታቅፎ ያኔውኑ ይቀዳ። ደጋግሞ ለሚቀዳ ልጅ የሠራለትን ነገር ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፉለት፦ የትኛው ክንድ፣ ስንት ቁጥር መርፌ፣ ማን ይዞት፣ በምን ጨዋታ። ቀጣዩ ባለሙያ ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን ስጡት፣ ሳያነበው አይጀምር።